ዲ8 ዶዘር ከኮምቦልቻ ወደ ጋሸና፦ በየት በኩል ላውጣው?

የሳይት ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ኮምቦልቻ የቆመ ዲ8 ዶዘር ጋሸና አካባቢ ሳይት ላይ ማድረስ አለብኝ። ሎቤድ (ከባድ ማሽን የሚጫንበት ዝቅ ያለ ተሳቢ) ተገኝቷል፣ የጨነቀኝ መንገዱ ነው። አለቃዬ በደሴ፣ በሐይቅ፣ በውጫሌ፣ በመርሳ አድርገህ ወልዲያ ግባ ይላል። የሎቤዱ ባለቤት ደግሞ በባቲ፣ በሚሌ፣ በጭፍራ ዞሮ ወልዲያ መግባት ይሻላል ባይ ነው። ክረምቱ ሳይገባ መውጣት አለበት። የምታውቁት ምከሩኝ።

አያ ሎቤድ፦
አብሽር ወንድምዓለም። ካርታውን አስቀምጥና መጀመሪያ ሜትር ያዝ። የዲ8 ብሌዱ (ከፊቱ ያለው አፈር መግፊያ) ብቻ ስፋቱ ወደ 4 ሜትር ይጠጋል። እሱን እንደታጠቀ ደሴን ላሳልፈው ካልክ የተሰበረ ባጃጅ ሁሉ ሒሳቡ ያንተ ነው። ብሌዱን አስፈታና በሌላ መኪና ይሂድ። ዶዘሩ ሙሉ ትጥቁን ሲይዝ ወደ 38 ቶን ነው፣ ጎታቹና ሎቤዱ ሳይቆጠሩ።

ቁመቱን የምትለካው ተጭኖ፣ ታስሮ ካለቀ በኋላ ነው። ከዚያ ፒካፕ ላይ ከጭነቱ ቁመት አንድ ክንድ የሚያልፍ ደረቅ የፕላስቲክ ቱቦ አቁምና መንገዱን ቀድመህ ሂድበት። ብረት እንዳታቆም! ሽቦ የሚጠጋህን ቦታ ሁሉ ጻፍ፤ ሽቦ በሙቀት ይረግባልና ጠዋት ያለፈህ ቀትር ላይ ላያሳልፍህ ይችላል። ረዳቱ ጭነቱ ላይ ወጥቶ ሽቦ በእንጨት ቀና የሚያደርግበትን ነገር አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ሥራ ላይ አልቆምም። መብራት ኃይል ይጠራ።

አሁን ወደ መንገዱ። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 ገደማ። ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ውስጥ ትወጣዋለህ። ሰው የሚፈራው ይህንን ዳገት ነው። እኔ የምፈራው ቁልቁለቱን ነው፤ ከደሴ ወደ ሐይቅ፣ ከውጫሌ ወደ ውርጌሳ የሚወርደውን። በሚሌ ብትዞርም ቁልቁለት አልቀረልህም፣ እስከ ቆላው ትወርድና መልሰህ ትወጣለህ፤ በዚያ ላይ ሙቀቱ ጎማ ይፈጃል። ከወልዲያ ወደ ጋሸና የሚያወጣው የድልብ ዳገት ደግሞ በሁለቱም በኩል ብትመጣ ይጠብቅሃል። ብሌዱ ከተፈታ እኔ በደሴ ነው የማወጣው።

የሸዋ በር ልጅ፦
ኧረ በአላህ ሰኞ እንዳታመጡብን! የደሴ ገበያ ነው፣ መንገዱ በሰውና በአህያ ይሞላል። በባቲ ካላችሁም ገበያው ያው ሰኞ ነው፣ ግመሉ ከእሑድ ጀምሮ መንገድ ላይ ነው። ዓርብም በጁምዓ ሰላት ሰዓት ይቅርባችሁ።

የሳይት ልጅ፦
እናመሰግናለን። ታዲያ ከተማውን በሌሊት ባሳልፈውስ? ፈቃዱስ ከማን ነው?

አያ ሎቤድ፦
ሌሊት ይቅር። ደሴ ጉም አለ፣ ከፊት የሚመጣው አይሱዙ ስፋትህን የሚያውቀው አጠገብህ ሲደርስ ነው። ጎህ ሲቀድ ኮምቦልቻን ልቀቅ። ፈቃዱን ከመንገዶች አስተዳደር ነው የምትጠይቀው፤ በእያንዳንዱ አክስል (የጎማ ዘንግ) ላይ የሚያርፈውን ክብደት ጽፈህ ቅረብ፣ በመንገዱ ያሉት ድልድዮች ይችሉት እንደሆነም ጠይቅ። ትራፊክ ፖሊሶቹ ቀድመው ይወቁ። ሬዲዮ የያዘ ፒካፕ ከፊት ይሂድና ኩርባው ላይ የሚመጣውን ያስቁምልህ። ጥምዝ ላይ ጎታቹ ያለፈበትን ተሳቢው አያልፍበትም፣ ወደ ውስጥ ይቆርጣል።

ለሹፌሩ፦ ቁልቁለቱን የሚጀምረው ማርሽ ከብዶ (ዝቅተኛው ገብቶ)፣ ከአፋፉ ሳይወርድ ነው። መሃል ላይ ማርሽ ልቀይር ካለ ኒውትራል ላይ ሊቀርበት ይችላል። በሞተር ፍሬን ይያዝ፣ እግር ፍሬኑ ለመቆሚያ ይቆይ። ሜዳ ባገኘ ቁጥር ቆሞ የእጁን ጀርባ ወደ ጎማው ማዕከል ያስጠጋ፣ ሳይነካው፤ አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ ከጋለ ፍሬኑ ይዟል ማለት ነው። መኪናው ሲቆም ረዳቱ ታኮ ይዞ ቀድሞ ይውረድ።

ከዶዘሩ ሰንሰለት ሥር ጣውላ አንጥፉ፣ ብረት በብረት ላይ በተለይ ዝናብ ከነካው ይንሸራተታል። ማሰሪያውን ትንሽ እንደሄዳችሁ ቆማችሁ እንደገና አጥብቁት፣ መጀመሪያ ላይ መርገቡ አይቀርም።

የሳይቱን መግቢያም ሄደህ እይ። አፋፍ ካለው የሎቤዱ ሆድ ይቀመጥበታል። ያኔ ዶዘሩን አስፋልት ላይ አውርደን በራሱ ይሂድ እንዳትሉ፣ ያርሰዋል፤ የግድ ከሆነ አሮጌ ጎማ እያነጠፋችሁ።