አባቴ ላሊበላን በእግሩ ሊሳለም ተስሏል፤ አብሬው ልሂድ?

የደብረ ታቦሯ

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ 68 ዓመቱ ነው። ታናሽ እህቴ አምና በወሊድ ጊዜ ከሞት አፋፍ ስትመለስ «ላሊበላን በእግሬ እሳለማለሁ» ብሎ ተስሎ ኖሯል። እኛ የሰማነው ዘንድሮ ለመንገድ ብሎ መቋሚያውን ሲያስጠግን ነው። ከደብረ ታቦር አቅራቢያ ካለው ቤታችን ተነሥቶ ለገና መድረስ ይፈልጋል። ወንድሞቼ «በመኪና እናድርስህ» ቢሉት «በመኪና የሚሄድ ስለት አልተሳልኩም» ብሎ አፋቸውን አስያዛቸው።

እኔ አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ የምሠራ፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ የምውል ሰው ነኝ። የዓመት ፈቃዴን ወስጄ አብሬው ልሄድ አስቤአለሁ። ነገር ግን አባቴ የደም ግፊት ኪኒን ይወስዳል፤ ግራ ጉልበቱም ቁልቁለት አይወድም። ከወላጁ ጋር እንዲህ ያለ መንገድ የሄደ ሰው ካለ ምን እንደተማረ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል። ስንቁ፣ ጫማው፣ ማደሪያው እንዴት ነው? ከሁሉም በላይ ደግሞ መንገድ ላይ ቢያቅተው መኪና እንዲሳፈር እንዴት አድርጌ ነው የማሳምነው?

መምህሩ ከነፋስ መውጫ

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልነሣ። መንገድ ላይ አታሳምኚውም። ስለት ያለበት ሽማግሌ ውርጭ ላይ ቆሞ ከልጁ ጋር ቢከራከር የሚረታው እሱ ነው፤ የሚጎዳውም እሱ ነው። ክርክሩ ቤት ውስጥ፣ የንስሐ አባቱ ባሉበት ማለቅ አለበት።

እኔ በ2012 ከእናቴ ጋር ሄጃለሁ። የእሷ ስለት በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ የወጣው ወንድሜ በሰላም እንዲመለስላት ነበር፤ ተመለሰ። ልንነሣ ስንሰናዳ የንስሐ አባታችንን ቡና ጠራቻቸውና ልጆቿ ሁሉ በተሰበሰብንበት «አባ፣ ጉልበቴ ቢከዳኝስ?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም «የቻልሽውን ሂጂ፤ ካቃተሽ ተሳፈሪ፣ የጎደለውን በጸሎት ትሞዪዋለሽ» አሏት። እናቴ አንድ ጊዜ መስማት አልበቃትም። «እስቲ ይድገሙልኝ፣ እነዚህም ደኅና አድርገው ይስሙ» አለች። ከዚያ ወዲያ ስለ መኪና ማንም አላነሣባትም።

ገረገራ ስንደርስ ጉልበቷ አብጦ ነበር። አንድ አይሱዙ የሚነዳ ልጅ አጠገባችን አቁሞ «እማማ፣ ላድርስዎት?» አላት። እኔ ትንፍሽ አላልኩም። መኪናውን አየች፣ ጉልበቷን አየች፣ ከዚያ «እግዜር ይስጥህ ልጄ፣ ዛሬስ ዐርፋለሁ» አለችው። ዐረፍን፤ በማግሥቱ ቀስ ብላ ተነሣች። ተሳፈሪ ብዬ ብለምናት ኖሮ «ጋሸና ሳልገባማ አላድርም» ብላ እዚያው በእልህ ትነሣ ነበር፤ እናቴን አውቃታለሁ።

ሁለተኛው ነገር፣ ከኋላው ሂጂ። መንገድ ላይ ብዙ ቤተሰብ አይቻለሁ። ወጣቱ ይቀድምና ጥላ ሥር ተቀምጦ ይጠብቃል። ሽማግሌው ሲደርስ ወጣቱ ዐርፎ ጨርሷልና ብድግ ይላል፤ ሽማግሌውም ላለማስጠበቅ ሲል ሳይቀመጥ ይቀጥላል። ቀኑ እንዲህ ሲውል አንደኛው ደጋግሞ ያርፋል፣ ሌላኛው አንድ ጊዜም አያርፍም። ማታ ግን የሚገርመው ወጣቱ ነው፤ «ምነው ዛሬ ተዳከምክ?» ይለዋል።

መነሣት ሌሊት ነው፤ 10 ሰዓት ገደማ። ጾሙ የነቢያት ጾም ስለሆነ አባትሽ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ከሆነ መንገዱን ፀሐይ ሳትከር ጨርሳችሁ ከሰዓቱን ጥላ ፈልጋችሁ ብትጋደሙ ይሻላል። ከዚያ በሶ ይበጠበጣል። ስንቅ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ነው፤ በርበሬ በትንሽ ጣሳ። የታሸገ ብስኩት ተሸክማችሁ አትድከሙ። ጋቢ ለየራሳችሁ ያስፈልጋችኋል፤ ከደብረ ዘቢጥ እስከ ጋሸና ያለው ደጋ በታኅሣሥ ሌሊት አጥንት ይሰብራል፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ጫማ አዲስ አትግዢለት። እናቴ ገበያ የምትሄድበትን ላስቲክ ጫማዋን አድርጋ ነው የደረሰችው። እግሩ የለመደው ጫማ ምንም ቢያረጅ ከሱቅ ከወጣው ይበልጣል።

ማደሪያን በተመለከተ፣ ሆቴል አታስቢ። ሲመሽ «የመሸብን እንግዶች ነን» ትላላችሁ፣ «ቤት ለእንግዳ» ይባላል። ገንዘብ ለመስጠት እጅሽን ወደ ቦርሳ እንዳትሰጂ፤ ባለቤቶቹን ታስቀይሚያለሽ። እናቴ ከቤት የቋጠረችውን ቡና ለየቤቱ እፍኝ እፍኝ ትሰጥ ነበር። ቤቱን ለቀን ስንወጣ ደግሞ ባለቤቷ ትከተለንና ሳንቲም ወይም አንድ ጧፍ ሰጥታ «ለላሊበላ አድርሱልኝ፣ ስሜንም አስጠሩልኝ» ትላለች። እናቴ ይህንን ሁሉ በነጠላዋ ጫፍ እየቋጠረች ትይዛለች። ማንበብና መጻፍ አትችልም። እኔ ስሞቹን ስልኬ ላይ ልጻፍልሽ ብላት «የስልክህ ባትሪ ሲያልቅ ሰዎቹም ሊያልቁ ነው?» አለችኝ። እየሄደች በቃሏ ትደግማቸው ነበር፤ ወለተ ማርያም የጨጨሆዋ፣ ኃይለ ሚካኤል የፍላቂቱ፣ ወለተ ሥላሴ ዓይኗን የሚያማት። ላሊበላ ስንደርስ ካህኑ ፊት ቋጠሮውን እየፈታች ሁሉንም በየተራ አስጠራች፤ የማን ሳንቲም የቱ እንደሆነ እንኳ ለይታ ታውቅ ነበር። ከኋላችን የተሰለፈው ሕዝብ ማጉረምረም ቢጀምርም እሷ አልቸኮለችም።

ስለ ወሬም ልንገርሽ። እናቴ ቤት ውስጥ ስለ 77ቱ ድርቅ ጠይቄያት «ተወው» ብላ ነው የምታልፈው። አስፋልቱን ለቀን ከጋሸና ወደ ሰሜን ስንታጠፍ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ከላስታ የተሰደዱ ሰዎች በዚያ ዓመት እንዴት ሆነው ወደ ጋይንት እንደመጡ መናገር ጀመረች። አያቴ ንፍሮ ቀቅላ በር ላይ ትቆም እንደነበር፣ ንፍሮው ሲያልቅ በሩን መዝጋት አቅቷት ታለቅስ እንደነበር ነገረችኝ። ፊት ለፊት ተቀምጠን ቢሆን የምትነግረኝ አይመስለኝም። ጎን ለጎን የሚሄድ ሰው ዓይን ለዓይን አይተያይም። ስለዚህ አባትሽ ዝም ሲል ዝምታውን በሙዚቃ ወይም በጥያቄ አትሙዪበት።

ከጋሸና በኋላ 64 ኪሎ ሜትር ይቀራል፤ ብዙው ቁልቁለት ነው፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ ዳገት ይጠብቃችኋል። የአባትሽ ጉልበት የሚፈተነው እዚህ ነው። ከተማው ስትገቡ የላሊበላ ልጆች ከመንገድ የመጣውን ምእመን አስቀምጠው እግሩን ያጥባሉ። እናቴ አፈረች፤ ንቃቃት የሞላውን ተረከዟን ቀሚሷ ሥር ደበቀች። ልጅቷ ምንም ሳትል ውኃውን ይዛ ጠበቀቻት። በመጨረሻ አንዱን እግሯን ብቻ አወጣች፤ ሌላውን ያወጣችው ብዙ ከተለመነች በኋላ ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ዓመቱ ዘመነ ዮሐንስ ከሆነ ልደት የሚውለው ታኅሣሥ 28 ነው፤ እኛ የሄድንበት 2012 እንደዚያ ነበር። 29ን አስበው የተነሡ ሰዎች ቤተ ማርያም ላይ ቤዛ ኩሉ ከተዘመረ በኋላ ሲደርሱ አይቻለሁ። ሌላው፣ ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚያሻግረው ጨለማ ዋሻ ውስጥ አባትሽን ከፊትሽ አስቀድሚው፤ አንድ እጁ ግድግዳው ላይ ይሁን፣ ትከሻውን አትልቀቂ። መብራት አታብሪ፤ ሰዉ ሲኦል ብሎ የሚያልፈው በጨለማው ነው። ከመነሣታችሁ በፊት ደግሞ ስለ መንገዱ ጸጥታ በየቦታው ያለ ዘመድ መጠየቅ አትርሱ። እሱ ካልተመቸ ስለቱ ለከርሞ ይቆያል።

ነርሷ

መምህሩ ብዙውን ብለውታል። እኔ ስለ ኪኒኑ ብቻ ልናገር። አንዳንዱ የደም ግፊት መድኃኒት ሽንት የሚያበዛ ነው። ሰው እስከ 9 ሰዓት ውኃ ሳይጠጣ በፀሐይ ሲሄድ እንዲህ ያለውን ኪኒን ከወሰደ ብድግ ሲል ሊያዞረውና ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ አባትሽ የሚወስደው የትኛው እንደሆነና በምን ሰዓት ቢወስደው እንደሚሻል ሳትነሡ ሐኪሙን ጠይቂ። በራሳችሁ ግን እንዳታቋርጡት፤ «በረከት ላይ ነኝ» ብሎ መድኃኒቱን ቤት ትቶ የሚሄድ ሰው ብዙ ነው። ቤተ ክርስቲያንም ለታመመ ሰው ጾሙን ታቀልላለች፤ ንስሐ አባቱ ዘንድ ስትሄዱ ይህንንም አብራችሁ አንሡት።

ማታ ማታ እግሩን በብርሃን እይው፤ «ደኅና ነው» የሚለውን አትመኚ። ውኃ የቋጠረ ቦታ ካለ ቆዳውን አትላጪው፤ አጥበሽ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኚው። ኦአርኤስ ጥቂት ከረጢት ያዢ፤ አንዱ ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ነው። ለቁልቁለቱ ከመቋሚያው ሌላ ሁለተኛ ዱላ ይያዝ፤ ጉልበቱ ላይ የሚያርፈውን ክብደት ይቀንስለታል።

ወሎዬው

እኔ ከአባቴ ጋር የሄድኩት ግሸን ማርያም ነው፤ ለመስከረም 21። መንገዱ ከላሊበላው ያጥራል፤ ግን ክረምቱ ገና እየወጣ ስለሆነ ጭቃው ሰውን ይይዛል፤ አምባው ላይ የሚያስወጣው በር ደግሞ አንድ ነው። በዋዜማው የደረሰ ሰው ሽማግሌ ይዞ እዚያ ግፊያ ውስጥ ባይገባ ይመረጣል፤ ቀደም ብሎ መውጣት ነው።

በአንድ ነገር ከመምህሩ ጋር አልስማማም። ለብቻ አባትና ልጅ ሆናችሁ አትሂዱ። እኛ ከአባቴ የጽዋ ማኅበር ጋር ነበርን። ሽማግሌ ለልጁ «ደከመኝ» አይልም፤ ለእኩያው ግን ይላል። እኩዮቹ ሲቀመጡ እሱም ይቀመጣል፤ ማንም አይጠይቀውም። እኩያ ካጣሽለት «እኔ ደከመኝ» በዪ። አባቴ ይህንን በሰማ ቁጥር ፊቱ በራ ይል ነበር፤ «የዛሬ ልጆች!» እያለ ቁጭ ይላል።

ባንክ ቤት ተቀምጠሽ የምትውዪ ከሆነ ደግሞ አንቺም መዋሸት ላያስፈልግሽ ይችላል።

የደብረ ታቦሯ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጻፋችሁትን ሁሉ ትናንት ማታ በስልክ ለአባቴ አነበብኩለት። ስለ ጉልበቱና ስለ ኪኒኑ ሲሰማ ዝም አለ። ስለ ጫማው ግን «ሰውየው ዐዋቂ ነው» አለ። ንስሐ አባቱን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሊጠራቸው ተስማምቷል፤ ወንድሞቼም ይገኛሉ።

አሁን አዲስ ጣጣ መጣ። ስለቱ የተሳለላት እህቴ «የዳንኩት እኔ ነኝ፣ እኔም እሄዳለሁ» ብላለች። ልጇ ገና ጡት አልተወም። አባቴ ደስ ብሎታል፤ እናቴ ግን ተቆጥታለች። ምን ትላላችሁ?

መምህሩ ከነፋስ መውጫ

ወሎዬው ስለ እኩያ ያለው ልክ ነው፤ ተቀብያለሁ። ከመንደራችሁ የሚሄድ ሽማግሌ አይጠፋምና አባትሽ ይጠይቅ።

እህትሽን በተመለከተ እናትሽ ልክ ናት። የሚጠባ ልጅ ይዞ በጋሸና ውርጭ ሌሊት 10 ሰዓት መነሣት የለም። እህትሽ ለበዓሉ በመኪና ትምጣና ላሊበላ ላይ ትቀበላችሁ፤ ስለቱ የአባትሽ እንጂ የእሷ አይደለም፣ ስለዚህ ማንም አይወቅሳትም። አባትሽ ገብቶ ሲቀመጥ እግሩን የምታጥበው እሷ ብትሆን አይከፋውም። ስትመለሱም አብራችሁ ተሳፈሩ፤ የእናቴ ስለት መሄጃውን ብቻ ስለነበር እኛም የተመለስነው በአውቶቡስ ነው።

ድርቆሹን ቀደም ብላችሁ አድርቁ፤ በደንብ ካልደረቀ ከረጢት ውስጥ ይሻግታል። የምትነሡበትን ቀን ስትቆርጡ እዚሁ ጻፊልኝ። ነፋስ መውጫ ስትደርሱ እኛ ዘንድ ታድራላችሁ፤ እናቴም ለላሊበላ የምትሰጣችሁ ስም አላት።