ዝም ያለ መደብር ገለልተኛ ነው? በአንድ የአሚሽ የቤት ዕቃ ሻጭ ላይ የተነሣ ክርክር

የኮሎምበስ ነዋሪ፦ ትናንት እዚህ የተለጠፈው የምዘና ውጤት አበሳጭቶኛል። የንግድ ድርጅቶችን ፖለቲካዊ ገለልተኝነት እየመረመረ ደረጃ የሚሰጥ አንድ ተቋም፣ በአሜሪካዋ ኦሃዮ ግዛት የሆልምስ ካውንቲ አሚሾች (ከዘመናዊ ኑሮ ርቀው የሚኖሩ የክርስቲያን ማኅበረሰብ) የሚሠሩትን የቤት ዕቃ የሚሸጥ አነስተኛ መደብር አይቶ፣ «መግለጫም መዋጮም አልተገኘበትም» በማለት «አነስተኛ ሥጋት» ከሚለው ምድብ አስገብቶታል፤ አንዳንዶቻችሁም «ፖለቲካ የሌለበት ሱቅ ተገኘ» ብላችሁ አጨበጨባችሁ። አክሲዮን የማይሸጥ፣ ዓመታዊ ሪፖርት የማያወጣ፣ ከቤተሰቡ ሌላ ጥቂት ሠራተኞች ብቻ ያሉት ሱቅ ላይ ቀድሞውንስ ምን ሊገኝ ይችል ነበር?

አናጺው፦ የለጠፍሁት እኔ ነኝ፤ አላፍርበትም። ለግዙፎቹ ኩባንያዎች የቀረቡት ጥያቄዎች ለዚህም ቀርበውለታል። ደንበኛን በአመለካከቱ የተነሣ መልሷል ወይ? ለምርጫ ዘመቻ ገንዘብ ሰጥቷል ወይ? በመደብሩ የአንድ ወገን መፈክር ሰቅሏል ወይ? አልተገኘበትም። ሥልጣን የማይዙ፣ የማይምሉ፣ ለጦርነት የማይሰለፉ ሰዎች የሠሩትን ጠረጴዛ የሚሸጥ ነጋዴ ከዚህ በላይ በምን ይመዘን?

የሒሳብ ሰው፦ እርስዎ «አልተገኘበትም» የሚለውን እንደ ማኅተም ይዘውታል፤ እኔ ግን የት ተፈልጎ እንደታጣ ማወቅ እፈልጋለሁ። አንድ ኩባንያ ለፌዴራል ዕጩ በቀጥታ ገንዘብ እንዳይሰጥ ሕግ የከለከለው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው፤ ስለዚህ በመደብሩ ስም የተሰጠ እንዲህ ያለ መዋጮ መታጣቱ ሕግ መከበሩን እንጂ ገለልተኝነትን አያሳይም። መፈለግ የነበረበት የባለቤቱ ስም ነው፤ በአንድ የምርጫ ዙር ለአንድ ዕጩ ከ200 ዶላር በላይ የሰጠ ሰው ከነሥራውና ከነአሠሪው በፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን መዝገብ ላይ ይወጣል። ወረቀቱ ይህ ስለመደረጉ አንድም መስመር የለውም።

አናጺው፦ የባለቤቱ ኪስ የባለቤቱ ነው። በዚህ መንገድ ከሄድንማ እንጀራ የምንገዛበትን ሱቅ ሁሉ መዝገብ እየገለጥን ልንመረምር ነው።

የላንካስተር ጎረቤት፦ ሁለታችሁም የዘለላችሁት ነገር አለ። ሻጩና ሠሪው አንድ አይደሉም። «የአሚሽ ሥራ» እያሉ የኦክና የቼሪ ጠረጴዛ ከሚሸጡት መደብሮች ብዙዎቹ የአሚሽ ያልሆኑ ሰዎች፣ አሚሾች «እንግሊዞች» የሚሏቸው ነጋዴዎች ንብረት ናቸው። ነጋዴው ስልኩንና ድረ ገጹን ይዞ ትእዛዝ ይቀበላል፤ በናፍጣ ሞተር በሚታመቅ አየር ማሽኖቻቸውን እያንቀሳቀሱ የሚሠሩት የአሚሾቹ የእንጨት ሥራ ቤቶች ደግሞ ዕቃውን ያዘጋጃሉ። አናጺው ወንድሜ የአሚሾቹን እምነት አንሥተው ለነጋዴው ምስክር አደረጉት። ምዘናው የማን ነው?

የኮሎምበስ ነዋሪ፦ አሚሾቹም ቢሆኑ ከመንግሥት ጋር ምንም ጉዳይ የሌላቸው ተደርገው መሣላቸው ትክክል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 ለራሳቸው የሚሠሩት ከማኅበራዊ ዋስትና ግብር ነፃ ወጡ፤ በ1972 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ልጆቻቸው ከ8ኛ ክፍል በኋላ ትምህርት ቤት እንዲሄዱ እንዳይገደዱ ፈረደላቸው፤ በ1982 ገበሬና አናጺ የነበረ አሚሽ አሠሪ ለሠራተኞቹ የሚከፈለውን ግብር በተመለከተ በዚያው ፍርድ ቤት ቢሸነፍም፣ በ1988 ኮንግረሱ ያንኑ በሕግ ሰጣቸው። ከሁሉ ይልቅ ለጉዳያችን የሚቀርበው የ2004ቱ ነው፦ ትምህርታቸውን የጨረሱ፣ 14 ዓመት የሞላቸውና 18 ያልሞላቸው ወጣቶች፣ በኃይል የሚሠራ ማሽን ራሳቸው እስካልነኩ ድረስ፣ በአዋቂ ዘመድ ወይም በእምነት ባልንጀራ ጥበቃ ሥር በእንጨት ሥራ ቤት እንዲቀጠሩ የተፈቀደበት ሕግ። ያ ሕግ ያለ ፖለቲከኛ እጅ አልጸደቀም።

ወለተ ማርያም፦ ለኅሊና ነፃነት መጠየቅ ከመቼ ወዲህ ነው ወገንተኝነት የሆነው? ይህን የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ብትጠይቁ ያስረዷችኋል። ቤተ ክርስቲያኒቱ የተገኘችው መቀመጫው በፔንስልቬንያው ላንካስተር ካውንቲ ከነበረ የሜኖናይት ሚሲዮን ሥራ ነው፤ አሚሾቹም ልክ እንደ ሜኖናይቶቹ፣ ሕፃናትን ሳይሆን አምነው የመጡ አዋቂዎችን ከሚያጠምቀው ከአናባፕቲስት ግንድ የወጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1982 ደርግ ቤተ ክርስቲያኒቱን ዘግቶ ንብረቷን ወረሰ፤ መሪዎቿንም አሰረ። ዝም ያለውን ሰው «አቋምህን ግለጽ» እያሉ ማስጨነቅ ወዴት እንደሚያደርስ እኛ ከማንም በላይ እናውቃለን።

የኮሎምበስ ነዋሪ፦ እኅቴ፣ ለአንድ ቁም ሣጥን ሻጭ ሲባል ደርግን ከመቃብር ማስነሣትዎ ይደንቃል። ነጋዴውን አቋሙን ግለጽ ያለው የለም፤ የተቃወምነው ያልታወቀ አቋም እንደታወቀ ተደርጎ መመዝገቡን ነው።

ተጠራጣሪ፦ ምንስ ምርመራ ያስፈልጋል? በ2024 ምርጫ ፔንስልቬንያን ለትራምፕ ያስረከቡት አሚሾች መሆናቸውን ዓለም ሁሉ ሰምቷል።

የሒሳብ ሰው፦ ዓለም የሰማው ሁሉ ሒሳብ አይሆንም። በዚያች ግዛት የነበረው የድምፅ ልዩነት ወደ 120,000 ይጠጋ ነበር፤ የግዛቷ አሚሾች ግን ሕፃናቱ ሳይቀሩ ከ100,000 በታች ናቸው፤ ግማሽ ያህሉም ለመምረጥ ዕድሜያቸው አልደረሰም። ሁሉም ወጥተው ቢመርጡ እንኳ ልዩነቱን አይሞሉትም።

አናጺው፦ እንግዲህ ራስዎ ነፃ አወጧቸው። አመሰግናለሁ።

የሒሳብ ሰው፦ ያወጣሁት አንድን ወሬ ነው እንጂ አንድን መደብር አይደለም። መደብሩ ደግሞ በኦሃዮ ነው።

ተጠራጣሪ፦ ታዲያ ደጃፉ ላይ «በአሜሪካ እጅ የተሠራ» ብሎ የጻፈውስ? በ2025 ከውጭ በሚገቡ ጨርቅ የለበሱ የእንጨት ወንበሮች ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ከተጣለ ወዲህ ይህ ንጹሕ የንግድ ማስታወቂያ ነው ልትሉኝ ነው?

አናጺው፦ አዎን፣ እላለሁ። መንግሥት የአገር ውስጥ ዕቃ እንዲገዛ የሚያዘው ሕግ በ1933 ወጥቶ ሁለቱም ፓርቲዎች እስከ ዛሬ ሲምሉበት ኖረዋል። ሁሉም የሚለው ነገር የማን መፈክር ይባላል?

የላንካስተር ጎረቤት፦ ይህ እንኳ ፍትሐዊ መልስ ነው። ነገር ግን ሻጩ ማን እንደሆነ የጠየቅሁት ጥያቄ እስካሁን መልስ አላገኘም።

አናጺው፦ በእናንተ ሐሳብ ተቋሙ ምን ብሎ መጻፍ ነበረበት?

የሒሳብ ሰው፦ «ለመመዘን የሚበቃ መረጃ የለንም» ብሎ፤ ከዚያም ምድቡን ባዶ መተው።

አናጺው፦ ባዶ ምድብ የሚዘረዝር ተቋም ማን ገንዘብ ይሰጠዋል?

የኮሎምበስ ነዋሪ፦ ይህን ከእኔ በተሻለ ተናገሩት።

አናጺው፦ የተናገርሁት ስለ ተቋሙ ነው፤ ስለ መደብሩ አይደለም። በመደብሩ ላይ ያላችሁን ማስረጃ አሁንም እየጠበቅሁ ነው።