ከድሬ ሙቀት ወጥተን የት ብንገባ ይሻላል?

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ እኛ ድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምንኖረው፣ እማዬ ደም ግፊት አለባት እና ከግንቦት ጀምሮ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲገባ በቃ ሌሊቱን አትተኛም፣ ፋን አለን ግን መብራት ሲጠፋ ምን ዋጋ አለው፣ ሲሚንቶው ላይ ውሃ ረጭተን ፍራሽ እናነጥፍላታለን። ሐኪሙም ደጋ ቦታ ውሰዷት አለን።

መጀመሪያ ደብረ ብርሃን አክስቴ ጋ ላክናት፣ እዛ ደግሞ 2,800 ሜትር ነው፣ ብርዱ ጉልበቷን ያዛትና ከጋቢ ሳትወጣ ተመለሰች። ከዛ ሐረር ቤት ተከራየን። አየሩ እንኳን ልክ ለሷ የተሰራ ነው (ከድሬ 700 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፣ ልዩነቱ ገና ደንገጎን ስትወጡ ፊታችሁ ላይ ይታወቃችኋል)፣ ግን የገባንበት ሰፈር ቧንቧው ሲመጣ ይመጣል ካልመጣ የለም፣ በጀሪካን እየገዛን አልቻልንም ለቀቅን።

አሁን ያሰብነው ሐረማያ ወይ አወዳይ ነው፣ ሁለቱም 2,000 ሜትር አካባቢ ናቸው፣ እኔም ስራዬ ድሬ ስለሆነ በሚኒባስ መመላለስ አለብኝ። አወዳይ የጫት ገበያው ጫጫታ ያስፈራኛል፣ እማዬ እንቅልፍ ፍለጋ ወጥታ እዛ ብትነቃ ምን ልላት ነው። ሐረማያ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲው የተነሳ ኪራይ ይወደዳል ይላሉ። ሁለት ክፍል ይበቃናል፣ ፎቅ ላይ ባይሆን።

እዛ የምትኖሩ፣ ከሐረማያ እስከ አወዳይ ባለው መስመር በጋም ክረምትም ውሃ የማይጠፋበት ፀጥ ያለ ሰፈር የቱ ነው?