«ላግ አራውንድ» ምን ማለት ነው? አለቃዬ ተቆጣኝ ወይስ አዘነልኝ?

ጠያቂ፣ ከቨርጂኒያ፦
ጤና ይስጥልኝ። ማታ ማታ ቢሮ አጸዳለሁ። ትናንት ቫኪዩሙን ተሸክሜ ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ አለቃዬ «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ላግ ዛት ቲንግ አራውንድ» አለኝ። «ሌግ» ያለ መስሎኝ ጎንበስ ብዬ እግሬን አየሁ፤ እሱም ሳቀ። መዝገበ ቃላት ብገልጥ «ጎተተ» ይላል። እኔ ደግሞ አልጎተትኩም። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦
ምንም አላጠፋሽም እህቴ፤ አዝኖልሽ ነው። «ይህን ተሸክመሽ መንከራተት የለብሽም» ማለቱ ነው። «አራውንድ» እዚህ ላይ ዙሪያ ሳይሆን ከቦታ ቦታ ማለት ነው። መሬት ለመሬት ለሚጎተት ነገር «ድራግ» ይላሉ። «ካሪ» ብትይ መሸከምሽን ብቻ ትናገሪያለሽ። «ላግ አራውንድ» ውስጥ ግን ክብደቱም፣ የትከሻ ሕመሙም፣ ምሬቱም አለ።

መልስ፣ ከአንድ የእንግሊዝኛ መምህር፦
ተማሪዎቼ ዘወትር የሚሳሳቱባትን ልጨምር። ዕቃው በስሙ ሲጠራ «ላግ ዘ ቫኪዩም አራውንድ» ማለትም «ላግ አራውንድ ዘ ቫኪዩም» ማለትም ይቻላል። «ኢት» ከሆነ ግን ቦታው መካከል ብቻ ነው፦ «ላግ ኢት አራውንድ»። ኃላፊ ጊዜው «ላግድ» ነው፤ ሲጻፍ የ«ጂ» ፊደል ትደገማለች። «ላጌጅ» የሚለው ቃልም የወጣው ከዚሁ ግስ ነው። ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ይዞ ቦሌ የደረሰ ሰው ምክንያቱ አይጠፋውም።

መልስ፣ ከለንደን፦
እዚህ «ላግ አባውት» ሲሉም ትሰሚያለሽ። ኒውዮርክ ብትሄጂ ደግሞ «ሽሌፕ» አለ፤ ይዲሽ ከሚባለው ከአውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ የገባ ቃል ነው።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሥራ ማመልከቻ ላይ ብጽፈውስ?

መልስ፣ ከመምህሩ፦
ተይው። የወዳጅ ጨዋታ ቃል ነው፤ ማመልከቻ ላይ ከሰፈረ ገና ሳትቀጠሪ ያማረርሽ ያስመስላል። «ካሪ» ወይም «ሙቭ» ይበቃሻል።

ጠያቂ፦
ዛሬ ማታ አለቃዬን ደፍሬ ጠየቅሁት። ለካ በየፎቁ፣ ከሊፍቱ አጠገብ ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ አንድ አንድ ቫኪዩም ተቀምጧል። ስድስት ወር ሙሉ በደረጃ ሳወጣና ሳወርድ የነገረኝ ሰው አልነበረም። እሱ ግን ትናንት የነገረኝ መስሎት ነበር።