በኦፕራሲዮን ጊዜ የሚሰጥ ፈሳሽና ኩላሊት፦ ሳላይን ይቅር ወይስ ይቆይ?

የማደንዘዣ ሐኪም፦
ለረጅም ኦፕራሲዮን ሳላይን፣ ማለትም በደም ሥር የሚሰጠው የጨው ውኃ፣ የመጀመሪያ ምርጫ መሆኑ ይብቃ እላለሁ። ስሙ «ኖርማል» ይሁን እንጂ በሊትር 154 ሚሊሞል ክሎራይድ አለው። የደማችን 100 አካባቢ ነው። ሦስት አራት ሊትር ሲገባ ደም አሲዳማ ይሆናል፤ ወደ ኩላሊት ደም የሚያስገባው ሥርም ይጠባል። ጨዎቹ ለደም የቀረቡት፣ የተመጣጠነ የሚባለው ፈሳሽ ሪንገር ላክቴት እያለ ለምን?

የጽኑ ሕሙማን ሐኪም፦
ማስረጃው እንዲህ አያስደፍርም። በ2018 የወጣው ስማርት ጥናት የሞቱትን፣ የኩላሊት እጥበት የጀመሩትንና ኩላሊታቸው ያላገገመውን አንድ ላይ ቆጠረ። በሳላይን 15.4 በመቶ፣ በሪንገርና መሰሎቹ 14.3 ሆነ። በ2022 የወጣው ፕላስ የተባለ ጥናት ግን በሞትም በእጥበትም ልዩነት አላገኘም። ደግሞ ሁለቱም የተሠሩት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው። ጭንቅላቱ ለተጎዳ ሰው እኔ ዛሬም ሳላይን ነው የምሰጠው።

የማገገሚያ ክፍል ነርስ፦
ዶክተሮች፣ በዓይነቱ ስትከራከሩ መጠኑን ረሳችሁት። አንድ ሌሊት አንጀታቸውን ኦፕራሲዮን የሆኑ እናት ተቀበልኩ። ከሽንት ከረጢቱ ሥር የጠቆረ ሻይ የመሰለ ሽንት አለ፤ ሁለት ጣት አይሞላም። ቻርታቸውን ሳይ ፈሳሹ የተሰጣቸው በቁጠባ ነው። ጠዋት ክሪያቲኒናቸው፣ ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጠራቀመው ቆሻሻ፣ ከፍ ብሎ አገኘነው። በአንድ ሰው አልፈርድም። ግን ሪሊፍ የተባለው የ2018 ጥናት ከባድ የሆድ ኦፕራሲዮን ያደረጉ 3,000 ያህል ሰዎችን አይቷል። ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ፈሳሽ በተቆጠበባቸው 8.6፣ በደንብ በተሰጣቸው 5 በመቶ ነበር። አንጀት እንዳያብጥ ብለን ኩላሊት እያደረቅን ነው!

የጽኑ ሕሙማን ሐኪም፦
እውነትሽን ነው። ሳንባው ውኃ የቋጠረ ሰውም ግን እኔ ጋ ነው የሚመጣው። ዝም ብሎ ማፍሰስም መልስ አይሆንም።

የማደንዘዣ ሐኪም፦
በፈሳሹ መጠን ጉዳይ ተረትቻለሁ፤ ቀድሜ ማንሳት ነበረብኝ። የኩላሊት ንቅለ ተከላ ላይ ግን አልለቅም። «ሪንገር ፖታሲየም አለው፣ ለደከመ ኩላሊት ያሰጋል» እየተባለ ስንት ዓመት ሳላይን ሰጠን! ያለው በሊትር 4 ሚሊሞል ነው፣ ደም ውስጥ ካለው አይበልጥም። እንዲያውም ፖታሲየምን ከፍ የሚያደርገው ሳላይን የሚያመጣው አሲድ ነው። በ2023 የወጣው ቤስት ፍሉይድስ የተባለ ጥናት ከሟች የተወሰደ ኩላሊት በተተከለላቸው ሰዎች ላይ ተሠራ። በመጀመሪያው ሳምንት እጥበት ያስፈለጋቸው በሳላይን 40፣ በተመጣጠነው ፈሳሽ 30 በመቶ ናቸው።

የጽኑ ሕሙማን ሐኪም፦
እዚያ ላይ እስማማለሁ። ለሌላው ኦፕራሲዮን ሁሉ አልዘረጋውም።

የማገገሚያ ክፍል ነርስ፦
እንግዲያው ከእናንተ አንድ ነገር ልለምን። ሕመምተኛ ስታስረክቡኝ «ፈሳሽ ወስደዋል» ብቻ አትበሉኝ። የቱን፣ ስንት ሊትር፣ ስንት ደም ፈሰሰ፣ ስንት ሸኑ፤ ጻፉልኝ። እኔ ሌሊቱን የምጠብቀው ያንን ይዤ ነው።