«አልቅሳ አሸነፈች» ላላችሁ

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ትናንት አንድ ሰው እዚህ መድረክ ላይ «ሂላሪ ኒው ሃምፕሸርን አልቅሳ አሸነፈች፤ አሁን ስትሸነፍ ደግሞ ሴት ስለሆንኩ ነው ትላለች» ብሎ ጻፈ። ብዙ ሰው ደግፎታል። በጣም ነው የተናደድኩት። ቅዳሜ ጁን 7 ቀን 2008 ሂላሪ ክሊንተን ዋሽንግተን ላይ ከኦባማ ጋር ለዴሞክራቲክ ፓርቲ እጩነት የምታደርገውን ውድድር ስታቆም ንግግሯን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰምቻለሁ። ኦባማን ምረጡ ብላ ነው የወረደችው። በሴቶች ፊት እንቅፋት እንዳለ ተናግራለች። የተሸነፍኩት በዚያ እንቅፋት ምክንያት ነው ግን አላለችም።

የእኔ ድምፅ የት የት እንደዞረ ልንገራችሁ። አምና የሂላሪ ነበርኩ። ጃንዋሪ 3 ኦባማ አዮዋን ሲያሸንፍ፣ ያን ያህል ነጭ በሚበዛበት አገር፣ ልቤ ወደ እሱ ሄደ። ከዚያ ኒው ሃምፕሸር ሴለም ላይ ወንዶች ተነስተው «ሸሚዜን ተኩሺ» እያሉ ጮሁባት። የፖለቲካ ተንታኙ ክሪስ ማቲውስ ደግሞ በቴሌቪዥን ወጥቶ፣ ሴናተር የሆነችው ባሏ ስለማገጠ ነው አለ። በኋላ ይቅርታ ጠየቀ፤ ግን ከአፉ ወጥቷል። ፌብሩዋሪ 12 ሜሪላንድ ላይ ድምፄን ለእሷ ሰጠሁ። ኖቬምበር ላይ ኦባማን እመርጣለሁ። አላፍርበትም።

ታክሲ ነጂው፦ ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እህቴ፣ ከሂላሪ ወደ ኦባማ፣ ከኦባማ ወደ ሂላሪ፣ አሁን ተመልሰሽ ወደ ኦባማ። ይኼ ወላዋይነት ነው። ሰው አቋም ይኑረው። ያልኩትንም አልመልስም። ጃንዋሪ 7 ፖርትስመዝ ካፌ ውስጥ ካሜራ ፊት እንባ አቀረረች። በማግስቱ አሸነፈች። ከዚያ በፊት የወጡት የሕዝብ አስተያየቶች ኦባማ ያሸንፋል ነበር የሚሉት። ሸሚዝ ያሉትም የቦስተን ሬዲዮ ቀልደኞች ናቸው። ቀልድ ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ትናንት «አልቅሳ» ነበር፣ ዛሬ «እንባ አቀረረች» ሆነ። ቪዲዮውን እየው። ድምጿ ትንሽ ተሰበረ፣ ንግግሯን ቀጠለች። ቀልድ ነው ላልከው፣ ኦባማን አንዱ ተነስቶ «ጫማዬን ጥረግ» ቢለው ቀልድ ነው ብለህ ታልፈው ነበር?

ነፃነት፦ ተይ፣ እዚህ ላይ አቁሚ። ኦባማ የደረሰበትን አትርሺ። ጄራልዲን ፌራሮ ማርች ላይ «ነጭ ወንድ ቢሆን እዚህ አይደርስም ነበር» አለችው። በ1984 ለምክትል ፕሬዚዳንትነት የተወዳደረች ሴት ናት ይህን ያለችው። ከሂላሪ የገንዘብ ኮሚቴ እስክትለቅ ድረስ አገር ተንጫጫ። የሴት ንቀት አለ፣ የጥቁር ንቀትም አለ። አንዱን ለማሳየት ሌላውን አታሳንሱ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ አላሳነስኩም። አንተ ራስህ «አገር ተንጫጫ» አልክ። ሸሚዜን ተኩሺ ሲሏት ማን ተንጫጫ? በአውሮፕላን ማረፊያ ሱቆች በእሷ አምሳል የተሠራ የለውዝ መስበሪያ፣ በጭኖቿ መካከል የሚሰብር፣ ሲሸጥ ነበር። ሰው እየሳቀ ይገዛዋል።

የሚኒያፖሊስ ነርስ፦ ስለ እንባው ቁጥር ላምጣ። መራጮችን ከድምፅ መስጫ በር ላይ የጠየቁት እንደሚሉት፣ አዮዋ ላይ ከሴቶቹ 35 በመቶው ኦባማን፣ 30 በመቶው ሂላሪን መረጡ። በአምስት ቀን ውስጥ ኒው ሃምፕሸር ላይ 46 ለ34 ለእሷ ሆነ። በእነዚያ ቀናት የሆነው እንባ ብቻ ነው? ጃንዋሪ 5 ክርክሩ ላይ ሕዝቡ ኦባማን የበለጠ ይወደዋል ብለው ጠየቋት። ኦባማ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት «የሚበቃሽን ያህል ትወደጃለሽ» አላት። እኔ የኦባማ ደጋፊ ነኝ፤ ያቺን ቃል ግን አልወደድኳትም። ሴቶቹ ያዘኑት ለእንባዋ ብቻ አይደለም፤ አይተው ፈረዱ።

ጋሽ ታዛቢ፦ ልጆቼ፣ አባቶች «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። የአሜሪካ ጦር አዛዥነት ከባድ ነው።

የሚኒያፖሊስ ነርስ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይኼን ተረት እርስዎ ሲሉት ያመኛል። ባለፈው መስከረም ብርቱካን ሚደቅሳ ከእስር ወጥታ አሜሪካ ስትመጣ አዳራሹ ሞልቶ አልቆምንላትም? ዳኛ ነበረች፣ የቅንጅት ምክትል ሊቀመንበር ነበረች፣ ሁለት ዓመት ገደማ ታስራለች። በወንድ ያልቃል ያላት ነበር?

ጋሽ ታዛቢ፦ ብርቱካን ሌላ ናት። ራሷን ችላ የቆመች ናት። ሂላሪ በባሏ ስም ነው የመጣችው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ጋሼ፣ ቡሽ በማን ስም መጣ? በአባቱ አይደለም?

ታክሲ ነጂው፦ ከርዕሱ አትውጡ። እኔ ሂላሪን ያልመረጥኳት ሴት ስለሆነች አይደለም። በ2002 ለኢራቅ ጦርነት ድምፅ ስለሰጠች ነው። ኦባማ ያኔውኑ ተቃውሟል። ቨርጂኒያ ላይ 64 በመቶ ገደማ የሰጠነው ለዚህ ነው። የአባቱ ኬንያዊነትም ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ይኼን አከብራለሁ። ኢራቅ እውነተኛ ምክንያት ነው፤ እኔንም ወደ ኦባማ ከወሰዱኝ ነገሮች አንዱ እሱ ነው። ግን ጆን ኬሪም ያንኑ ድምፅ ሰጥቷል። በ2004 ያገር ሰው ሁሉ ኬሪ ኬሪ ሲል ነበር። የኬሪ ምክትል ሆኖ የተወዳደረው ጆን ኤድዋርድስም ሰጥቷል። የእነሱን ድምፅ ማን እንደ እሷ ቆጠረባቸው?

ታክሲ ነጂው፦ በ2004 ዜጋ አልነበርኩም።

የሚኒያፖሊስ ነርስ፦ ሂላሪ የተሸነፈችበት ቦታ እኮ አለ። እዚህ ሚኒሶታ ፌብሩዋሪ 5 ምርጫው በኮከስ ነበር። ማታ ስብሰባው ላይ በአካል ካልተገኘህ ድምፅ የለህም። እኔ የማታ ተረኛ ነበርኩ። የኦባማ ልጆች ቤት ለቤት ዞረው ሰው አሰባሰቡ። የእሷ ሰዎች ኮከስ ያለባቸውን ግዛቶች ንቀው ተዉዋቸው። 66 ለ32 ተሸነፈች። ይኼ የዘመቻዋ ጥፋት ነው። የተሰደበችው ስድብ ግን በዚህ አይሰረዝም።

ነፃነት፦ በዚህ እስማማለሁ። በወላዋይነቱ ግን ከታክሲ ነጂው ጋር ነኝ። ስድብ ስለሰማሽ ድምፅሽን መቀየር ፖለቲካ አይደለም።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ እሺ፣ ጆን ሉዊስን እንውሰድ። የኮንግረስ አባሉ፣ ለጥቁሮች መብት ሲታገል ሴልማ ድልድይ ላይ የተደበደበው ሰው። ሂላሪን ደግፎ ነበር። ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ወደ ኦባማ ዞረ። ያኔ እዚሁ ምን ብላችሁ ጻፋችሁ? «ኅሊናውን ሰማ» አላችሁ። ወንድሜ ታክሲ ነጂው፣ አንተም ብለሃል። እሱ ሲዞር ኅሊና፣ እኔ ስዞር ወላዋይ። እኔም ያየሁትን አይቼ ነው የዞርኩት። ሴት ልጅ አለችኝ፤ ቴሌቪዥኑ ፊት አብራኝ ተቀምጣ «ሸሚዝ ተኩሺ» ሲሉ ሰምታለች።

ታክሲ ነጂው፦ ሉዊስ የወረዳው ሕዝብ ኦባማን ስለመረጠ ነው የዞረው። ሕዝቡን ተከተለ። አንቺ ማንን ተከተልሽ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ራሴን።

ጋሽ ታዛቢ፦ አሁን ሁላችሁም ለኖቬምበር ተመዝግባችኋል? ባለፈው ምርጫ ሐበሻው ዜግነቱን ይዞ ቤቱ ተኝቶ ነው የዋለው።

ነፃነት፦ ጋሼ፣ የሪፐብሊካኑን ማኬይንን ነው የሚመርጡት ወይስ ኦባማን?

ጋሽ ታዛቢ፦ ያ የእኔ ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ታክሲ ነጂው፣ አልመለስክልኝም። «አልቅሳ» ያልካትን ታነሳለህ ወይስ አታነሳም?

ታክሲ ነጂው፦ አላነሳም። ቪዲዮውን ድጋሚ አይቼዋለሁ፤ እንባ ነው።

የሚኒያፖሊስ ነርስ፦ እንባ ቢሆንስ?