«ፋፋ»፦ ግሱ፣ ዱቄቱ እና የወሎ ልጅነታችን

ፋፋ የተባለው የሕፃናት ምግብ ዱቄት ስሙን «ፋፋ» ከሚለው ግስ ወሰደ ወይስ ግሱ ከዱቄቱ ተወለደ ብለው ለጠየቁን እኅታችን መልሱ ግሱ ይቀድማል የሚል ነው። «ፋፋ፣ ይፋፋል፣ ፋፍቶ» ሥጋ ለበሰ፣ ወዛ፣ ደልቶት አደገ የሚል ፍቺ ያለው የቆየ አማርኛ ሲሆን፣ ስለ ልጅ ብቻ ሳይሆን ስለ ጥጃና ስለ ቡቃያም ይነገራል። አስደራጊው «አፋፋ» ነው። አንድ የቡድናችን አባል ያዛመዱት «ተፋፋመ» ግን ዘሩ ከ«ፍም» ስለሆነ ከዚህ ቤት አይገባም።

ዱቄቱ የተዘጋጀው በ1950ዎቹ መጨረሻ ገደማ ኢትዮጵያና ስዊድን በሕፃናት አመጋገብ ላይ በጋራ ይሠሩት ከነበረው ሥራ ነው። ስንዴ፣ ሽምብራ፣ አኩሪ አተርና የወተት ዱቄት ተቀላቅለው፣ ቪታሚንና ማዕድን ተጨምሮበት፣ ጡት ማጥባት ብቻውን የማይበቃው ሕፃን የሚያጣውን ፕሮቲን እንዲሞላ ታስቦ ነበር።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የስሙ አወጣጥ ነው። በአማርኛ ለልጅ ስም ስናወጣ ምኞታችንን እንደተፈጸመ አድርገን በኃላፊ ግስ እንናገራለን፤ አበበ፣ ከበደ፣ በለጠ፣ ታደሰ እንላለን። ሌላ ጊዜ ደግሞ ግዛው ወይም ድረስ እያልን በትእዛዝ አንቀጽ እንሰይማለን። «ፋፋ» ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይይዛል፤ ሲተረክ «እሱ ፋፋ»፣ ሲመረቅ ደግሞ «አንተ ፋፋ» ይሆናል (ለሴት ልጅ ግን «ፋፊ» እንጂ «ፋፋ» አይባልም)። ስለዚህ የምግቡ ስም የሰው ስም በሚወጣበት ወግ የወጣ ነው፤ ማን እንዳወጣው ሳይታወቅ እንኳ ቋንቋውን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው እጅ ይታይበታል።

በደሴ ባደግንበት ሰፈር ቃሉ እንደ አበሳሰሉ የተለያየ ግስ ያስከትል ነበር። ቀጥኖ እንደ ሙቅ ሲፈላ «ፋፋ ጠጣ»፣ እንደ ገንፎ ሲጠነክር «ፋፋ በላ» ይባላል። እናቶቻችን ለታናሾቻችን ያስቀመጡትን እኛ ከፍ ያልነው ልጆች በደረቁ በእፍኛችን ስንወስድ ግን ሥራችን «ፋፋ መቃም» ነበር፤ ቆሎና ስኳር እንደሚቃም ማለት ነው። ዱቄቱ ላንቃ ላይ እየተጣበቀ ጣፋጭነቱ ቀስ ብሎ ሲመጣ ዛሬም ይታወሰኛል፤ ጥጋብ የማይሰጥ ደስታ ነበር።

በ1977ቱ ረሃብ ግን የቃሉ ጥላ ተለወጠ። በባቲና በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው በኮረም መጠለያዎች ሕፃናትን ለማዳን ከቀረቡት አልሚ ምግቦች መካከል ፋፋም ይገኝበት ነበር፤ ስለዚህም በከተማ ከሱቅ የሚገዛ የሕፃን ምግብ የነበረው፣ ተሰልፈው ለተቀበሉት ቤተሰቦች የእርዳታ ስም ሆነ። መዝገበ ቃላት ሁለቱን ፍቺዎች ለያይቶ ቢጽፍ መልካም ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም አንዲት የደሴ እናት «ልጄን በፋፋ አሳደግሁት» ስትልና አንዲት የራያ እናት ያንኑ ስትል የሚናገሩት ነገር አንድ አይደለም። በኋላ የመጣውን ፋሚክስ የተባለ ሌላ አልሚ ዱቄትንም «ፋፋ» ብለው የሚጠሩ ሰዎችን ሰምቻለሁና፣ ሦስተኛ ፍቺ ማለትም «ማንኛውም አልሚ ዱቄት» የሚለውም መግባት ይኖርበታል።

የወረኢሉ፣ የላስታና የቃሉ ወረዳ የቡድናችን አባላት በየአካባቢያችሁ የትኛው ግስ ይከተለው እንደነበር ብትጽፉልን እናመሰግናለን።